«ከተማን ቀይ መቀባት»፦ ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ፈሊጥ አመጣጥና አተረጓጎም

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ሰዎች ከመጠጥ ቤት መጠጥ ቤት እየተዘዋወሩ ሲጠጡና ሲጨፍሩ ማምሸታቸውን «ፔይንት ዘ ታውን ሬድ» ብለው ይገልጹታል። ቃል በቃል ሲመለስ «ከተማውን ቀይ ቀቡት» ማለት ነው። በዚህ ፈሊጥ ላይ ሁለት ስሕተቶች፣ አንዱ የአመጣጥ ሌላው የአተረጓጎም፣ ሲደጋገሙ ስለምናይ ጥቂት ለማለት ወደድን።

ስለ አመጣጡ የሚተረከው እንዲህ ነው። እ.አ.አ. በሚያዝያ 1837 ሦስተኛው የዋተርፎርድ ማርኩዊስ ሄንሪ ቤረስፎርድ ከባልንጀሮቹ ጋር ሰክሮ፣ ሜልተን ሞውብሬይ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ የቀረጥ ኬላውንና የቤት በሮችን በቀይ ቀለም ለቀለቀ። ድርጊቱ እውነት ነው፤ በ1838 ፍርድ ቤት ቀርበው እያንዳንዳቸው 100 ፓውንድ ተቀጥተውበታል። ይሁን እንጂ ፈሊጡ በጽሑፍ የሚገኘው ከ1880ዎቹ ወዲህ ነው፤ ያውም በአሜሪካ ጋዜጦች። ኒውዮርክ ታይምስ በ1883 ሲጠቀምበት የባለጉዳዮቹ የራሳቸው አነጋገር መሆኑን ለይቶ መግለጹ፣ ሐረጉ ገና እንግዳ እንደ ነበረ ያመለክታል። ከሜልተን ሞውብሬይ የተወለደ ቢሆን ኖሮ በመካከል ባሉት 45 ዓመታት በእንግሊዝ ጽሑፎች መታየት በተገባው ነበር። ታሪኩ ማማሩ ማስረጃ አይሆነውም። መዝገበ ቃላት ሊያስገባው ቢወድ እንኳ «ይባላል» ከሚል ቃል ጋር ይሁን።

የአተረጓጎሙ ስሕተት ግን ይበልጥ ያሳስበናል። «ከተማውን ቀይ ቀቡት» የሚለውን የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ጭፈራ አይታየውም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በየጎዳናው ሬሳ የተጣለበትን ቀይ ሽብር ያስታውሳል እንጂ። ደራሲው ፈንጠዝያ ሲል አንባቢው ደም ያያል። እማሬው ተጠብቆ ፍካሬው የተገለበጠ ትርጉም ምን ይባላል?

በአማርኛ ምትክ አልጠፋም። «ዓለሙን ቀጨ» ሰፊ ነው፤ ሰው በቤቱ ተቀምጦም ዓለሙን ይቀጫል፤ ከተማ መዞር የለበትም። «አሸሼ ገዳሜ» ዘፈኑንና ጭፈራውን ያመጣል፣ መጠጡን ግን የግድ አይጠቅስም። «አስረሽ ምቺው» መጠጡንም ሁካታውንም አሟልቶ ይዟል፤ ነገር ግን ተናጋሪው እየነቀፈ ነው፣ እንግሊዝኛው ደግሞ ፈገግ እያለ ያልፋል። ስለዚህ የቆጡ አባት ስለ ልጃቸው ሲናገሩ ይስማማል፤ ወጣቱ ስለ ራሱ ሲያወራ አይሆንም። ለወጣቱ «ከተማውን ቀወጥነው» እንመርጥለታለን። የመንገድ ቋንቋ ነው የሚሉ ይኖራሉ፤ እንግሊዝኛውም ሲወለድ ከዚያው ነበር። ደግሞም «ከተማውን» በተሳቢነት እንደ ያዘ ይቆያል። በትረካ ውስጥ ሲሆን «ሌሊቱን ሲጠጡና ሲጨፍሩ አነጉት» ቢባል ይበቃል። ቀለሙ ይጠፋል፤ እርግጥ ነው። እንግሊዛዊው አንባቢም ቢሆን ዛሬ ሐረጉን ሲያነብ ቀለም አይታየውም።