ከበረዶ በታች ያለው ጠርዝ

በጃፓን፣ ኒጋታ ግዛት፣ ቶካማቺ በምትባል የተራራ ከተማ፣ ጥር ውስጥ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ገደማ አንድ ጠባብ የሠፈር መንገድ ቆም ብሎ ማየት ነው። ሌሊቱን ሙሉ በረዶ ሲጥል አድሯል። ተማሪዎች ቦርሳቸውን አዝለው ከቤት ሲወጡ ግን መንገዱ ተከፍቷል፤ ግራና ቀኙ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ነጭ ግድግዳ ነው። ግድግዳው ተገፍቶ የተከመረ አይደለም፤ የተቆረጠ ነው። ፊቱ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ብረት የነካበት ስስ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይዛነፍ ይሄዳል፤ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ከቤቶቹ አጥር ጋር እኩል ይዞራል። ጎንበስ ብሎ ግርጌውን ለተመለከተ ደግሞ የእግረኛ መንገዱ የድንጋይ ጠርዝ አለ። አልተሸረፈም፣ ጭረትም የለበትም። ግድግዳው የቆመው ከእሱ ጥቂት ጣት ብቻ ርቆ ነው። ይህን የሠራው ማሽን ክብደቱ ከአሥር ቶን ያልፋል፤ ሥራው የተሠራው በጨለማ ነው፤ ያ የድንጋይ ጠርዝ ደግሞ በዚያ ሰዓት ለማንም አይታይም ነበር።

በዚህ ሙያ እኔን የሚያስደንቀኝ እሱ ነው። በረዶ መግፋት የጉልበት ነገር ነው፤ ሞተር ያለው ሁሉ ይገፋል። የማያዩትን ጠርዝ ሳይነኩት መከተል ግን ሌላ ችሎታ ይጠይቃል።

በረዶው ራሱ የዋዛ አይደለም። በብርዱ ወራት ከሳይቤሪያ የሚነሳው ደረቅ ነፋስ የጃፓንን ባሕር ሲሻገር፣ ከደቡብ የሚመጣው ሞቃት የባሕር ጅረት የሚያተነውን እርጥበት ይጠጣል። ከዚያ የኤቺጎ ተራሮች ይገጥሙታል፤ ሽቅብ ይወጣና የተሸከመውን ሁሉ እዚያው ያራግፋል። ቶካማቺ ከግሪኳ አቴንስ ይልቅ ለምድር ወገብ የቀረበች ናት፤ ሆኖም በዓለም ላይ ሰው በብዛት ከሚኖርባቸው ቦታዎች መካከል እንዲህ በረዶ የሚወርድበት ጥቂት ነው። ብዙም ሳይርቅ፣ በኒጋታና በናጋኖ ወሰን ላይ ባለው የሞሪ ሚያኖሃራ ባቡር ጣቢያ፣ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1945 እ.ኤ.አ. የተለካው የበረዶ ከፍታ 7.85 ሜትር ነበር። ልኩን የሚያሳየው ዓምድ ዛሬም እዚያው ቆሟል። በረዶው ደግሞ እርጥብ ነው። አዲስ ሲወርድ አንድ ሜትር ኩቡ ከ50 እስከ 150 ኪሎ ቢመዝን ነው፤ ቆይቶ ሲተኛ ግን 300 ኪሎ ያልፋል። ዛሬ ያልተነሣው ነገ ከብዶ ይጠብቃል።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ገና ሰማዩ ሳይጠቁር፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው። ሠራተኞቹ ከሌላ ቦታ የመጡ ልዩ ቡድን አይደሉም፤ በሞቃቱ ወራት እነዚያኑ መንገዶችና ድልድዮች የሚሠሩና የሚጠግኑ የአካባቢው ተቋራጮች ናቸው። ኦፕሬተሩና ረዳቱ የተመደበላቸውን መስመር እየዞሩ ይመለከታሉ። የትኛው ማንሆል ከአስፋልቱ ከፍ ብሏል? የድልድዩ መጋጠሚያ ብረት የት ላይ ነው? የማን አጥር ወደ መንገዱ ወጣ ብሏል? ይህ ሁሉ ይመዘገባል፤ በየጠርዙም ቀይና ነጭ የተቀባ ረጅም ዘንግ ይተከላል። በረዶው ሲመጣ ግን ዘንጎቹ በየተወሰነ ርቀት የሚታዩ ምልክቶች ብቻ ናቸው፤ በአንዱና በሌላው መካከል ያለውን መስመር የሚሞላው የሰው ትዝታ ነው።

አዲሱ በረዶ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ ጥሪ ይደረጋል። ከሌሊቱ ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሞተር ይነሣል፤ ሰው ወደ ሥራ ከመውጣቱ በፊት መንገዱ ማለቅ አለበት። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ሁሉ ዶዘር በሚባለው ማሽን ፊት ባለው የብረት ቢላ ከፍታ ላይ ነው። ቢላው ጥቂት ከፍ ካለ ከሥሩ የሚቀረው ስስ ሽፋን በጎማ ይረገጥና ግግር ይሆናል፤ ከዚያ የሚነቅለው የለም። ጥቂት ዝቅ ካለ አስፋልቱን ይልጣል፣ የማንሆል ክዳን ያነሣል። አራሽ እርፉን ጨብጦ የማረሻው ጫፍ ከመሬት በታች ድንጋይ ሲነካ በመዳፉ እንደሚያውቀው፣ ኦፕሬተሩም የቢላውን ወሬ የሚሰማው ከመቀመጫውና ከመሪው ንዝረት ነው። ዝም ያለ ንዝረት አስፋልት ነው፤ የሚንቀጠቀጠው ግግር ነው፤ አንድ ጊዜ ከባድ ምት ከመጣ ግን ቢላው ቀድሞ መነሣት ነበረበት። ጎበዝ ኦፕሬተር ማንሆሉ ላይ ሲደርስ ቢላውን ያነሣል፣ ካለፈው በኋላ ያወርዳል፤ ይህን የሚያደርገው ክዳኑን አይቶ ሳይሆን የኅዳሩን ዙረት አስታውሶ ነው። ጠዋት መንገዱ ላይ የሚታየው እጅግ ስስ የበረዶ ጉብታ፣ ላላወቀው ጉድለት ነው፤ ላወቀው ግን የሥራው ፊርማ ነው።

ከሁሉ የከበደው የቤቶቹ በር ነው። ቢላው ሰያፍ ሆኖ ስለሚገፋ በረዶው በአንድ ጎኑ እየተንከባለለ ይፈሳል፤ የሰው መግቢያ ሲደርስም መፍሰሱን አያቆምም። ዶዘሩ ካለፈ በኋላ በየበሩ የሚቀረው ተረፈ በረዶ ተጨምቆ የጠነከረ ነው፤ ብቻዋን ለምትኖር የሰማንያ ዓመት እናት አካፋ የማይበግረው ግንብ ነው። ለዚህ የተበጀ መላ አለ፤ ከቢላው ጫፍ የሚወርድ የብረት መዝጊያ። ኦፕሬተሩ በር ሲደርስ ያወርደዋል፤ በረዶውን አቅፎ ያልፋል፤ በሩን ጨርሶ ባዶ ቦታ ሲያገኝ ይለቀዋል። መዝጊያው ያለው ግን ሁሉም ማሽን አይደለም። የሌለው ኦፕሬተር ፍጥነቱን ቀንሶ፣ የቢላውን ማዕዘን እያዞረ፣ በእጁ ብልሃት ተመሳሳዩን ለማድረግ ይታገላል። ረዳቱ በዚህ ጊዜ የግራውን ጎን ይጠብቃል፤ ሰው ይወጣል ወይ፣ ጉድጓድ አለ ወይ፣ የሚለውን የሚናገረው እሱ ነው።

ሲቆይ የመንገዱ ዳር ይሞላል። ያኔ ሮታሪ የሚባለው ማሽን ይመጣል። ከፊቱ ያለው ጠመዝማዛ ብረት ግድግዳውን እየበላ ወደ ውስጥ ይሰበስባል፤ ከኋላው የሚሽከረከረው ማራገቢያ በረዶውን በጉሮሮው ሽቅብ ይወረውራል። ተመልካች ፎቶ የሚያነሣው ያን ነጭ ቅስት ነው። እኔ ግን ቅስቱ የሚያርፍበትን ማየት ይሻለኛል። ጉሮሮው በየጥቂት ሜትሩ ይዞራል፤ እዚህ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ፣ እዚያ የመስኮት መስታወት፣ ቀጥሎ ባዶ የሩዝ ማሳ። በረዶው ማሳው ላይ ብቻ ያርፋል። ደግሞም ጥሩ ኦፕሬተር በታኅሣሥ ስለ የካቲት ያስባል። የመጀመሪያዎቹን በረዶዎች ለዕለቱ ከሚያስፈልገው በላይ ወደ ዳር ገፍቶ ያሰፋል፤ ግድግዳው አንዴ ከደረቀ በኋላ ወደ ኋላ ስለማይል፣ ያልተቀመጠ ቦታ በኋላ አይገኝም።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ መካከል አንዲት የቆመች ትንሽ መኪና እናስገባ። ዶዘሩ ይዞራታል፤ በፊቷም በኋላዋም ተራራ ይቀራል። መኪናዋ ጠዋት ትሄዳለች፣ ተራራው ግን ይረጋል። በማግስቱ ሌሊት የሚመጣው ቢላ ያን የረጋ ጉብታ ሸሽቶ ያልፋል፤ በሦስተኛው ቀን ጠርዙ አንድ ሜትር ተሰርቆ መንገዱ ጠቧል። ኅዳር ላይ የተመዘገበው ሁሉ ከንቱ ሆነ ማለት ነው።

ጃፓን ለዚህ ያላት መሣሪያ ብረት ሳይሆን ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣው የመኪና ማቆሚያ ሕግ ባለመኪናው የራሱ ማቆሚያ ቦታ እንዳለው ለፖሊስ ጣቢያ እንዲያስረዳ ያዝዛል። ቦታው ከቤቱ ከ2 ኪሎ ሜትር መራቅ የለበትም፤ ንድፉ ተሥሎ ይቀርባል፣ ፖሊስ ሄዶ ሊያየው ይችላል። ሕጉ በሚሠራበት አካባቢ መኪናን በአንድ የመንገድ ቦታ ላይ ከ12 ሰዓት በላይ፣ በሌሊት ደግሞ ከ8 ሰዓት በላይ ማቆም ክልክል ነው። የትራፊክ ሕጉም መኪናው ከቆመ በኋላ በቀኙ 3.5 ሜትር የመንገድ ስፋት እንዲተርፍ ይጠይቃል፤ በጠባብ የሠፈር መንገድ ይህ ማለት ጨርሶ አትቁም ማለት ነው። ሕጉን ያወጡትን ያሳሰባቸው በየከተማው ጎዳና ላይ የሚያድረው መኪና እንጂ በረዶ አልነበረም። ሕጉ የበረዶው አገር ሲደርስ ግን ለሌሊቱ ሠራተኛ ከጫፍ እስከ ጫፍ ባዶ የሆነ መንገድ አስረከበው። ይህን የሥራው አካል አድርጌ ነው የምቆጥረው፤ ቢላውን የሚመራው ሰውና መኪናውን አስገብቶ የሚተኛው ሰው በአንድ ሥራ ላይ ናቸው።

ቤቶቹም ለዚሁ ተሠርተዋል። በዚያ አካባቢ የታችኛው ወለላቸው ረጅም የሲሚንቶ ግድግዳ የሆነ፣ መኖሪያቸው ከላይ የሚጀምር ብዙ ቤቶች አሉ። በረዶው ሲከመር መስኮቱ አይሸፈንም፣ መኪናው ደግሞ ከቤቱ ሥር ይገባል።

አንድ ተሽከርካሪ መንገድ ላይ መቆሙ ምን ያህል እንደሚያስከፍል የታየው ዲሴምበር 2020 እ.ኤ.አ. ነው። በካንኤትሱ ፈጣን መንገድ ላይ በበረዶ የተያዙ መኪኖች መተላለፊያውን ዘጉ፤ ከኋላቸው 2,100 ያህል ተሽከርካሪዎች ተሰልፈው ቀሩ፣ ነገሩም የተፈታው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ጠራጊው ማሽን አጥቶ አይደለም፤ የሚያልፍበት ቦታ አጥቶ እንጂ። ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2014፣ የአገሪቱ የአደጋ መከላከያ ሕግ ተሻሽሎ፣ ባለቤቱ ትቶት የሄደን መኪና የመንገዱ አስተዳዳሪ ራሱ እንዲያነሣ ተፈቅዶለት ነበር።

በረዶን ሳይገፉ የማጥፋት ጥበብም እዚያው ግዛት ተወልዷል። በናጋኦካ ከተማ ኢማይ ዮሳቡሮ የተባለ የሩዝ ብስኩት አምራች የከርሰ ምድር ውኃ በሚወጣበት ቦታ በረዶ እንደማይቆይ አስተዋለ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1961 በከተማዋ በመንገድ መሐል ቱቦ ተቀበረ፤ ከትናንሽ ቀዳዳዎቹ 13 ዲግሪ ገደማ የሚሞቅ የጉድጓድ ውኃ ዝቅ ብሎ እየተረጨ በረዶውን ሲያርፍ ያቀልጠዋል። የሚረጨው ውኃ ከፍታ ልኩ ደስ ይላል፤ ጠርዝ እስከ ጠርዝ ይደርሳል፣ የእግረኛን ቁርጭምጭሚት ግን አያረጥብም፤ ቢያንስ ቀዳዳው በደንብ ከተስተካከለ። ዋጋ ግን አለው። ውኃው ውስጥ ያለው ብረት መንገዱን የዝገት ቀለም ቀብቶታል፤ ብዙ በተሳበባቸው ቦታዎችም መሬቱ ራሱ ሰጥሟል። ብልጭልጭነቱን ባደንቅም ልቤ ወደ ዶዘሩ ያደላል።

የውኃውን ነገር በተመለከተ የበለጠ የምወደው በመንገድ ዳር የሚሄደውን ቦይ ነው። በብረት ክዳን የተሸፈነ ነው፤ ከወንዝ የተጠለፈ ውኃ በፍጥነት ይፈስበታል። ነዋሪው ክዳኑን ከፍቶ የደጁን በረዶ በአካፋ ይጨምርበታል፣ ውኃውም ይወስደዋል። ሁሉም ባንዴ ቢጨምር ግን ቦዩ ይታፈንና ታችኛው ሠፈር ይጥለቀለቃል። ስለዚህ ለየሠፈሩ ሰዓት ተመድቧል፤ የላይኞቹ ሲጨርሱ የታችኞቹ ይቀጥላሉ። ቱሪስት ፎቶ አያነሣውም፤ የሚታየው በአካፋ የሚሠሩ ጎረቤታሞችና አንድ የግድግዳ ሰዓት ነው።

የአካፋው ነገር ደግሞ ጥንት ነው። የሺኦዛዋው ነጋዴ ሱዙኪ ቦኩሺ እ.ኤ.አ. በ1837 መታተም በጀመረው «ሆኩኤትሱ ሴፑ» በተባለው መጽሐፉ ስለ አገሩ በረዶ ሲጽፍ፣ ከቢች እንጨት ስለሚሠራው የበረዶ አካፋ ያነሣል፤ ቀላል ነው፣ አይሰበርም ይላል። የመሣሪያን ክብደት ከእጅ ጉልበት ጋር ያመዛዘነ ሰው ነው እንዲህ የሚጽፈው።

ብዙ ጎብኚ የሚያውቀው ግን ታቴያማን ነው። በቶያማ ግዛት 2,450 ሜትር ላይ ባለው ሙሮዶ አጠገብ፣ ሚያዝያ ላይ አውቶቡሶች እስከ 20 ሜትር በሚደርስ የበረዶ ግድግዳ መካከል ያልፋሉ። ከላይ ጀምሮ እየቆፈረ የተቀበረውን መንገድ የሚያገኘው የመጀመሪያው ቡልዶዘር አሁን በሳተላይት ይመራል። ታላቅ ሥራ ነው፤ ክብሩን አልነሣውም። ሆኖም እዚያ ማንም አይኖርም፣ በር የለም፣ አጥር የለም፣ ቸኩሎ የሚወጣ ተማሪ የለም። ከሁለቱ አስቸጋሪውን ምረጥ ብባል የቶካማቺን ጠባብ መንገድ እመርጣለሁ።

ሳተላይቱ ወደ ከተሞቹም እየመጣ ነው። ኦፕሬተሮቹ እያረጁ፣ ወጣቶች እያነሱ ስለሆነ፣ በሆካይዶ ጃፓን ሚቺቢኪ ከምትላቸው ሳተላይቶች በሚገኝ መረጃና በዝርዝር ካርታ ማሽኑ ከጠርዙ ያለውን ርቀት በስክሪን እንዲያሳይ፣ የሮታሪውም ጉሮሮ በራሱ እንዲዞር ተሞክሯል። ዓላማው ሁለት ሰው የሚሠራውን አንድ ሰው እንዲሠራው ነው፤ የረዳቱ ወንበር ባዶ ሊሆን ነው። ለጠርዙ አልሰጋም፤ ስክሪኑ ከትዝታ ይልቅ በሴንቲ ሜትር ይታመናል። የምሰጋው ለበሮቹ ነው። ከመታጠፊያው ሦስተኛው ቤት ውስጥ ወገባቸው የታመመ አዛውንት ብቻቸውን እንደሚኖሩ፣ መዝጊያው እዚያ ቀደም ብሎ መውረድ እንዳለበት ካርታው አልያዘም። እኔ ብሆን ጡረታ የወጣውን ኦፕሬተር ቢያንስ ለአንድ የበረዶ ወቅት በዚያ ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ ለአዲሱ ልጅ የየበሩን ታሪክ እየነገረው እንዲያድር አደርግ ነበር፤ ደመወዙንም ከስክሪኑ በጀት ላይ እቀንሳለሁ።