95 ሚሊዮን መኪና ቆመ፤ ትንሿ ከተማ ግን የት ናት?

የአሜሪካ ፖሊስ መኪና የሚያስቆመው የሹፌሩን ዘር እያየ ነው? ለዚህ ጥያቄ በቁጥር ከተሰጡት መልሶች ትልቁ አንዱ የስታንፎርድ ኦፕን ፖሊሲንግ ፕሮጀክት ጥናት ነው። በ2020 (እ.ኤ.አ.) ኔቸር ሂዩማን ቢሄቪየር በተባለው መጽሔት ወጣ፤ ወደ 95 ሚሊዮን የሚጠጉ መዝገቦችን መርምሯል። ጎበዝ ሥራ ነው። ላቲኖ ነዋሪዎች በፍጥነት የበዙባቸውን ትንንሽ ከተሞች ግን በደንብ አያይም።

በጎውን እናስቀድም። የተለመደው ስሌት ክፍልፋይ ነው፤ ላዕሉ ከቆሙት ሹፌሮች የአንድ ወገን ድርሻ፣ ታህቱ ደግሞ በነዋሪው ውስጥ ያለው ድርሻ። ችግሩ ነዋሪ ሁሉ አይነዳም፣ የሚነዳውም ሁሉ ነዋሪ አይደለም። ጥናቱ ይህን በዘዴ ያልፈዋል። ምሽት 1 ሰዓት በታኅሣሥ ጨለማ ነው፤ በሰኔ ግን ገና ብርሃን አለ። ሰዓቱ ያው ሆኖ፣ የጥቁር ሹፌሮች ድርሻ በብርሃን ከፍ ብሎ በጨለማ ከቀነሰ፣ ፖሊሱ ፊት እያየ ነው ማለት ነው። ውጤቱም ይህንኑ አሳየ። ታህት አላስፈለገም!

ታዲያ ቅሬታዬ ምንድን ነው? አንደኛ፣ የጨለማው ፈተና የተሠራው በጥቁርና በነጭ ሹፌሮች ላይ ብቻ ነው። ላቲኖነት በቀንም ቢሆን ከፊት ሁልጊዜ አይለይም ብለው ተመራማሪዎቹ ትተውታል። ምክንያታቸው ልክ ነው፤ ነገር ግን ስለ ላቲኖዎች ጥናቱ ጠንከር ያለ ነገር የሚለው ከቆሙ በኋላ ስለሚደረገው ፍተሻ ነው። እነሱን ለመፈተሽ ከነጮች ያነሰ ጥርጣሬ ይበቃል ይላል። ስለ ማስቆሙ ራሱ ጥያቄው ክፍት ነው።

ሁለተኛ፣ መረጃው የመጣው ከ21 የግዛት ትራፊክ ፖሊሶችና ከ35 የከተማ ፖሊሶች ነው። ጥቂት ፖሊሶች ያሏት ከተማ እዚህ ውስጥ ድምጿ አይሰማም። ብትገባስ? ትንሽ ከተማ ውስጥ ፖሊሱ ፒክአፑን ከነባለቤቱ ያውቀዋል፤ ጨለማው ምንም አይሸፍንም።

ሦስተኛ፣ ላዕሉም አይታመንም። የቴክሳስ ግዛት ፖሊስ ላቲኖ ሹፌሮችን «ነጭ» ብሎ ሲመዘግብ ነበር። ተመራማሪዎቹ በቤተሰብ ስም አርመውታል፤ ግን እርማቱ ራሱ ግምት ነው።

ይህ የሒሳብ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። በሰሜን ካሮላይና ያለችውን አላማንስ ካውንቲ እንይ። ትልቋ ከተማዋ በርሊንግተን ናት፤ በ2010 ሕዝቧ 50 ሺህ ገደማ ነበር። በካውንቲው የላቲኖ ድርሻ በ1990 አንድ በመቶ አይሞላም፣ በ2010 ግን 11 በመቶ ገደማ ደረሰ። የሕዝብ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ስለሆነ፣ መሃል ላይ ታህቱ ያረጃል። የፍትሕ ሚኒስቴር በ2012 ላቲኖ ሹፌሮች በሸሪፉ ፖሊሶች የመቆም ዕድላቸው ከሌሎች ከ4 እስከ 10 እጥፍ ነው አለ፤ ስሌቱን የሠራው ባለሙያ ቆጠራውን ትቶ የመንገዱን ትራፊክ አስጠንቶ ነበር። ዳኛው ግን በ2015 ስታቲስቲክሱ አያስተማምንም ብለው ክሱን ውድቅ አደረጉ። በ2016 ጉዳዩ በስምምነት ተዘጋ። የሸሪፉ ቢሮ እስከ 2012 ድረስ ከፌዴራል ኢሚግሬሽን ጋር የትብብር ውል ስለነበረው፣ ወረቀት የሌለው ሰው በተበላሸ የኋላ መብራት ቆሞ መጨረሻው ከአገር መባረር ሊሆን ይችል ነበር። ታህቱ ላይ የሚደረገው ክርክር ትርጉሙ ይሄ ነው።

መውጫ አለ እንዴ? ኮኔቲከት አንድ መንገድ አሳይታለች። ኢስት ሄቨን በምትባለው ከተማዋ ፖሊሶች ላቲኖዎችን ያዳላሉ የሚል የፌዴራል ምርመራ ውጤት በ2011 መጨረሻ ወጣ፤ በቀጣዩ ወር አራት ፖሊሶች ታሰሩ። ግዛቲቱ በ2012 ሕጓን አጥብቃ፣ የትንንሾቹን ከተሞች ፖሊስ ጨምሮ፣ ማስቆሙ ሁሉ በአንድ ዓይነት ቅጽ እንዲመዘገብ አደረገች። ይህ ከማንኛውም ብልህ ቀመር ይቀድማል። የስታንፎርዱ ጥናት ትልቅ መረጃ ምን እንደሚችል አሳይቶናል፤ 95 ሚሊዮን የሚለውን ቁጥር ስታዩ ግን ማን እንዳልተቆጠረም ጠይቁ።