አንዱን ሲዘጉት ሌላው ብቅ!

ወይ ጉድ! የሰው እጅ እንዲህም ይራቀቃል? የጃፓን አናጺዎች የሠሩትን የልብስ ሣጥን በቪዲዮ አይቼ እንቅልፍ አጣሁ። ሰውዬው የላይኛውን መሳቢያ በመዳፉ ገፋ አድርጎ ሲዘጋው፣ የታችኛው ማንም ሳይነካው ቀስ ብሎ ብቅ አለ። የታችኛውን ሲመልሰው ደግሞ የላይኛው ወጣ! ሞተር የለበትም፣ ሞላ የለበትም። እንጨትና አየር፣ በቃ!

ዕቃው ኪሪ ታንሱ ይባላል፤ ከፓውሎኒያ እንጨት የሚሠራ የኪሞኖ ማስቀመጫ ነው። በዚህ ሙያ ስመ ጥር የሆነችው በኒጋታ ግዛት ያለችው የካሞ ከተማ ናት። የከተማዋ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1976 በአገር ደረጃ ባህላዊ ዕደ ጥበብ ተብሎ ተሰይሟል። ሲያንስ ነው!

ምስጢሩ ያለው ልኩ ላይ ነው። አናጺው መሳቢያውን ሲሠራ ከማስገቢያው በጥቂቱ ያተልቀዋል፤ ሆን ብሎ፣ እንዳይገባ! ከዚያ በመላጊያ ስስ ልጣጭ ያነሣለታል፣ ይሞክረዋል፣ ያወጣዋል፣ ደግሞ ይልገዋል። ያለ ብረት ሐዲድ ተንሸራቶ እስኪገባ፣ በጎንና በጎኑ ግን አየር እንኳ እንዳሻው እስከማያልፍ ድረስ! እንግዲህ አንዱ መሳቢያ ሲገባ ከኋላው ያለው አየር መውጫ ያጣል፤ በሣጥኑ ጀርባ በኩል ዞሮ ሌላውን ወደ ውጭ ይገፋዋል። የብስክሌት መንፊያ በሉት፤ ጎማ የሌለው፣ ከተላገ ሳንቃ ብቻ የተሠራ መንፊያ!

ሚስማሩም እንጨት ነው ብላችሁስ? ኡትሱጊ ከሚባል ጠንካራ ቁጥቋጦ ይጠረባል፣ ተቆልቶ ይደርቃል፣ ከዚያ ይመታል። ዝገት የሚባል ነገር የለም። ሣጥኑ ከብዙ ዓመት በኋላ ሲጠቁር ፊቱ እንደገና ይላጋል፤ የመላጊያው ስለት ብረት አያገኘውም፣ ሣጥኑም አዲስ መስሎ ይወጣል! ሳንቃው ራሱ ወደ ሥራ ከመግባቱ በፊት ለዓመታት ደጅ ተቀምጦ ዝናብና ፀሐይ ይፈራረቁበታል፤ ኋላ ቀለሙ እንዳይበላሽና እንዳይጣመም።

የክረምቱ ነገር ደግሞ ጭራሽ አስደነቀኝ። እኛ ቤት ዝናቡ ሲከርም እንጨት ያብጣል፣ መሳቢያ አልከፈት ብሎ ያታግላል። ፓውሎኒያ ግን ሲያብጥም ሲኮማተርም ከብዙ እንጨቶች ያነሰ ነው። ጃፓኖቹ ያችኑ ትንሽ እብጠት ሥራ ሰጥተዋታል! እርጥበት ሲመጣ ክፍተቱን ትዘጋና የሐር ልብሱን ትጠብቃለች፤ አየሩ ሲደርቅ ላላ ብላ ታናፍሳለች። ድሮ ሴት ልጅ ስትወለድ የዚህ ዛፍ ችግኝ ይተከል ነበር አሉ፤ ፈጥኖ ስለሚያድግ፣ ስትዳር ተቆርጦ የሙሽራዋ ሣጥን ይሆናል።

እባካችሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ የቤት ዕቃ ስትገዙ በቫርኒሹ ብልጭታ አትታለሉ። መሳቢያውን እስከ ግማሽ ሳቡትና አንዱን ጥግ ብቻ በጣታችሁ ግፉት። ተንጋዶ ከያዘ እለፉት። ቀጥ ብሎ፣ ሳይንገጫገጭ፣ መጨረሻው ላይ አየሩን እየተጫነ ከገባ ግን ሠሪውን ፈልጉት፣ ስልኩን ያዙ፣ ዋጋም አትከራከሩት!