በፍቅር የተድበሰበሰ ጥያቄ
«ሶተስ» የተሰኘው የታይላንድ ተከታታይ ድራማ ሲመረመር

በምሕንድስና ፋኩልቲ የአዳዲስ ተማሪዎች አቀባበል ላይ፣ የሥርዓት አስከባሪዎቹ አለቃ የሆነው የሦስተኛ ዓመቱ ተማሪ አርቲት፣ ከፊቱ የተደረደሩትን ጀማሪዎች ቁልቁል እየተመለከተ ይደነፋል። ኮንግፖብ የተባለ አንድ አዲስ ገቢ ትእዛዙን በመጠየቁ ከመሐል ይነጠላል። የፋኩልቲው መለያ የሆነችውን ባለጥርስ ማርሽ እንዴት አድርጎ ሊያገኛት እንደሚችል በንቀት ሲጠየቅም፣ አለቃውን ሚስቱ እንደሚያደርገው፣ የሚስት ንብረት የባልም በመሆኑ ማርሿ በዚያው መንገድ እጁ እንደምትገባ ይመልሳል። ጭንቅ ያለበት ጸጥታ ይሰፍናል። ተመልካቹም አንድ ከበድ ያለ ነገር ሊከተል እንደሆነ ይጠብቃል።

«ሶተስ» የተሠራው በጂኤምኤምቲቪ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2016 አጋማሽ በኋላ ጀምሮ እስከ 2017 መግቢያ ድረስ በዋን 31 ቴሌቪዥን ጣቢያ በ15 ክፍሎች ቀርቧል። ታሪኩ «ቢተርስዊት» በሚል የብዕር ስም ከወጣ ልብ ወለድ የተወሰደ ነው። ኮንግፖብን ፕራቻያ ሩአንግሮጅ፣ አርቲትን ደግሞ ፔራዋት ሳንግፖቲራት ተጫውተውታል። ድራማው በሁለት ወንዶች መካከል የሚበቅለውን ፍቅር የሚተርክ ሲሆን፣ የታይላንድ ቴሌቪዥን በብዛት ከሚያመርታቸው የዚህ ዓይነት ተከታታይ ሥራዎች ውስጥ ከአገሩ ወሰን አልፎ ከታወቁት አንዱ ነው። ይህ ዝና ያለ ምክንያት አልመጣም። ለሂስ የሚጋብዘው ጉዳይ ሌላ ነው፤ ይኸውም ድራማው ራሱ በመጀመሪያው ክፍል ያነሣው ጥያቄ የት እንደደረሰ ነው።

ጥያቄውን ለመረዳት ርእሱን መፍታት ያስፈልጋል። «ሶተስ» የአምስት የእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደላት ጥምር ነው፤ ቃላቱም ታላቅነት፣ ሥርዓት፣ ወግ፣ አንድነትና መንፈስ ናቸው። በዚህ መመሪያ መሠረት ዘንድሮ የገባው ተማሪ ታናሽ፣ ከርሞ የቆየው ታላቅ ነው። ታላቁ ይጮኻል፣ ይቀጣል፤ ታናሹ ይሰማል። ልማዱ በታይላንድ ዩኒቨርሲቲዎች ረጅም ዕድሜ ቢኖረውም ያለ ተቃውሞ የኖረ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 1973 ሕዝባዊውን ዐመፅ መርቶ የታኖም ኪቲካቾርንን ወታደራዊ አገዛዝ ከሥልጣን ያስወገደው የተማሪ ትውልድ፣ የአደባባዩን አምባገነንነት ሲታገል የግቢውንም አለቅነት አልማረውም፤ አቀባበሉም በዚያ ወቅት ተዳክሞ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ኦክቶበር 6 ቀን 1976፣ በታማሳት ዩኒቨርሲቲ በይፋዊው ቆጠራ 46 ሰዎች ተገደሉ። በዚያው ዕለት ማታ ጦሩ ሥልጣን ያዘ። በሺሕ የሚቆጠሩ ተማሪዎች ወደ ጫካ ሸሹ። ጸጥ ባሉት ግቢዎች ውስጥ የታላቅና የታናሽ ወግ እንደገና ሥር ሰደደ።

ድራማው የተሠራበት ጊዜም ቢሆን ከዚህ የራቀ አልነበረም። ጦሩ በ2014 እንደገና ሥልጣን ከያዘ በኋላ፣ የመንግሥቱ መሪ ፕራዩት ቻን ኦቻ ለአገሪቱ ልጆች 12 «እሴቶች» ደንግገው ነበር፤ ታላላቆችን ማክበር ከእነዚህ አንዱ ነው። እንግዲህ በ2016 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንድ ወጣት በቴሌቪዥን መስኮት ተነሥቶ «ሁለት ዓመት ቀድሞ መምጣት በምን መብት አዛዥ ያደርጋል?» ብሎ መጠየቁ ቀላል ነገር አልነበረም።

የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ይህን ክብደት ተሸክመዋል። የአለቆቹ ጩኸት ያስፈራል፤ የጀማሪዎቹ ዝምታ ይበልጥ ያስፈራል። ዋድ የተባለው ተማሪ በአቀባበሉ አልሳተፍም ብሎ ከጓደኞቹ ሲገለል፣ ደራሲዎቹ ከኮንግፖብ የበለጠ ቆራጥ ገጸ ባሕርይ በእጃቸው ነበራቸው። ኮንግፖብ ሥርዓቱን ከውስጥ ሆኖ ይሞግታል፤ ዋድ ግን ፈጽሞ አይቀበለውም። አንድ ወጣት ብቻውን «አይሆንም» ሲል ጓደኞቹ ምን ይሉታል? ሲርበው ከማን ጋር ይበላል? ፈተና ሲደርስ ማስታወሻ ማን ያውሰዋል? የግቢ ሕይወትን የሚያውቅ መምህር ሁሉ እነዚህ ጥያቄዎች ተራ እንዳልሆኑ ያውቃል። ድራማው ግን ዋድን ከአለቆቹ አንዱ ከሆነው ከፕሬም ጋር ካጋጨው በኋላ፣ ተቃውሞውን በሁለቱ መካከል ወደሚፈጠር መፈላለግ ለውጦ ያልፈዋል።

በዋድ ላይ የደረሰው በዋናው ታሪክ ላይም ይደርሳል። አርቲት ለታናሾቹ የሚያስብ፣ ስለ እነሱ ሲል ራሱን የሚቀጣ፣ ለውጭ ሰው ብቻ የሚቆጣ ልጅ መሆኑ ቀስ በቀስ ይገለጣል። የራሱ ታላላቆች ሜዳውን እየዞረ እንዲሮጥ ሲፈርዱበትም በዝምታ ይፈጽማል። ይህ የገጸ ባሕርይ እድገት መስሎ ቢታይም፣ የድራማው መሠረታዊ ማምለጫ ያለው እዚሁ ላይ ነው። የአንድ ሰው ደግነት ለተቋሙ ምስክር ሆኖ ይቀርባልና። ተመልካቹ «አርቲት ክፉ ነውን?» ለሚለው መልስ ሲያገኝ፣ «ልማዱ ትክክል ነውን?» የሚለውን የጠየቀ እንኳ አይመስለውም። ውርደቱ የተደበቀ ፍቅር ነበር የሚል ትምህርት ደግሞ ነገ ግቢ ለሚገባ የ18 ዓመት ልጅ አደገኛ ስንቅ ነው።

ቋንቋውም ይህንኑ ይመሰክራል። በታይኛ ታላቅ «ፒ»፣ ታናሽ «ኖንግ» ይባላል። ኮንግፖብ ሲሟገት «ፒ አርቲት» ይላል፤ ሲያፈቅርም «ፒ አርቲት» ይላል። ፍቅሩ ደረጃውን አልሻረውም፤ አለሰለሰው እንጂ። ያ የመግቢያው ቀልድም ቢሆን ተመዝኖ አልተጣለም። አለቅነትን ለመገዳደር የተመረጠው ንግግር ሚስትን ከነንብረቷ የባል የሚያደርግ ነው፤ ይህንን ከ15ቱ ክፍሎች በአንዱም በቁም ነገር የሚያነሣበት ሰው የለም።

ተዋናዮቹን መውቀስ ፍትሕ አይሆንም። ሳንግፖቲራት ኩራትና ዐይናፋርነትን ባንድ ፊት ላይ ማስተናገድ ችሏል፤ ሩአንግሮጅም በትንሽ ፈገግታ ብዙ ይናገራል። በግቢ ሁሉ የሚፈራው አለቃ ሮዝ ቀለም ያለው ጣፋጭ ወተት የሚወድ መሆኑ፣ ጥቁር ቡና የሚጠጣው ደግሞ ታናሹ መሆኑ፣ ከብዙ ንግግር ይልቅ ገጸ ባሕርያቱን ያሳያል። እንዲህ ያለ ዐይን ያለው አዘጋጅ በመካከለኛዎቹ ክፍሎች ታሪኩን በዝምታ መተያየትና በለስላሳ ዜማ መሙላቱ ያሳዝናል። ጓደኞቹም በዚሁ ይጎዳሉ። ሜይ ኮንግፖብን፣ ኤም ደግሞ ሜይን ይወዳሉ፤ ከዚህ ውጪ ስለሚያነቡት፣ ስለሚከራከሩበት፣ ስለመጡበት ቤት የሚነገር ነገር እጅግ ጥቂት ነው። የዩኒቨርሲቲ ወዳጅነት የሚባለው ነገር በአብዛኛው ለፍቅሩ አጃቢ ሆኖ ቀርቷል።

ታሪኩ «ሶተስ ኤስ» በሚል ርእስ እ.ኤ.አ. በ2017 ቀጥሏል። ሁለት ዓመት አልፎ ኮንግፖብ ሦስተኛ ዓመት ደርሷል። የአርቲትን ቦታ የያዘውም ሌላ ሰው አይደለም፤ በመጀመሪያው ቀን ተነሥቶ የጠየቀው ያ ልጅ አሁን የአቀባበሉ አለቃ ነው። የዚህን ሹመት ትርጉም ለመመርመር አንድ ሙሉ ድራማ ባልበቃ ነበር። ተከታዩ ሥራ ግን ግቢውን ቶሎ ትቶ፣ አርቲት ወደተቀጠረበት የኤሌክትሪክ ዕቃ ኩባንያ የግዢ ክፍል ያመራል።