ከጀሞ እስከ ለቡ፣ ከዚያም ወደ ኮረኮንቹ

በአዲስ አበባ ከጀሞ እስከ ለቡ የተሠራው የብስክሌት መስመር 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አጭር ነው፤ ለእኔ ግን ከትልልቆቹ ማሳለጫዎች ይልቅ የሚያኮራኝ እሱ ነው። በከተማዋ ከሚደረገው ጉዞ ግማሽ ያህሉ በእግር ሆኖ ሳለ አስፋልቱ የመኪና ብቻ መስሎ ኖሯል። ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጎዳናዎችን ለሰዓታት ለመኪና ዘግቶ ለሰው የሚከፍተው «መንገድ ለሰው» ሲጀመር ልጆች በዋና ጎዳና መሐል ያለ ስጋት ብስክሌት መንዳት እንደሚችሉ ታየ።

እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ግን አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ያለው፣ በፉሪ አቅጣጫ የሚወስደው ኮረኮንች ነው። እዚያ ጥሩንባ የለም። ጠጠሩ ከጎማው ሥር ይንኮሻኮሻል፤ ዓይን ሁልጊዜ ከፊት ያለውን ጉድጓድ ይፈልጋል። ሰፋ ያለ፣ ጥርስ ያለው ጎማ ይመረጣል፤ ነፋሱንም ትንሽ ቀነስ ማድረግ መልካም ነው። ቁልቁለት ላይ የፊት ፍሬንን ብቻ መጨበጥ ያንሸራትታል። የፉሪ ተራራ ከባሕር ወለል ያለው ከፍታ ከ2,800 ሜትር በላይ ነውና ዳገቱ ትንፋሽ ይፈትናል፤ ቀስ ብሎ በቀላል ማርሽ የወጣ ግን ይዘልቀዋል።

እንዲህ ያለ ጸጥተኛ መንገድ በከተማዋ ውስጥም ቢኖር እመኛለሁ። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሸገር ወንዞች ዳርቻ ልማት 56 ኪሎ ሜትር ይሸፍናል ተብሎ ነበር። እናንተ ዕቅድ አውጪዎች፣ ከወንዞቹ ዳር ቢያንስ አንድ የጠጠር መንገድ ለብስክሌት ተዉልን፤ ኮንክሪት አታልብሱት፣ መኪናም አታስገቡበት።