የመከር ሥዕልና ግልባጩ

የሥዕል ትምህርት የሌላውን ሥራ በመገልበጥ ይጀመር ወይስ ተፈጥሮን በማየት የሚለው ክርክር ብዙ ዘመን የቆየ ነው። እኛ አንዱን ወገን ይዘን ለመከራከር አንነሣም፤ ነገር ግን በየጁቤ ተቀምጠን የመከር ሥዕል ስንገለብጥ የደረሰብንን ስሕተት ብንገልጽ፥ በትምህርት ቤትም ሆነ ከሥራ ሰዓት ውጭ ብሩሽ ለሚይዙ ሁሉ ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

የገለበጥነው ሥዕል ከውጭ አገር በመጣ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላይ የታተመ የአውሮፓ የስንዴ አጨዳ ነበር። ወረቀታችንን በእርሳስ በአራት ማዕዘን ከፋፍለን እያንዳንዱን መስመር በየቦታው አስቀመጥን። ከዚያም «ኢትዮጵያዊ ይሁን» ብለን ስንዴውን ጤፍ አደረግነው፤ ለአጫጆቹ ጥብቆና ቁምጣ አለበስናቸው፤ ከበስተኋላ ጮቄን አቆምን፤ ባለ ረጅም እጀታውን የፈረንጅ ማጭድም በአገራችን አጭር ማጭድ ለወጥነው። ሥራው እንደ ሠመረልን ተሰምቶን ነበር።

ሥዕሉን ያዩ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ግን ብዙ ከተመለከቱት በኋላ ከፊት ወዳለው አጫጅ እያመለከቱ፥ «ልጄ፥ ይኸ ሰውዬ ምኑን ነው የሚያጭድ?» ሲሉ ጠየቁን።

ነገሩ እውነት ነበር። ፈረንጁ ረጅሙን ማጭድ ይዞ ቆሞ ያጭዳል፤ የጎጃም አጫጅ ግን ጎንበስ ብሎ በግራ እጁ ጤፉን ጨብጦ በቀኙ ከሥሩ ይቆርጣል። እኛ ማጭዱን ለውጠን ሰውየውን እንደ ቆመ ስለ ተውነው ነፋስ ያጭድ ነበር። መሣሪያው ሲለወጥ ወገቡ፥ ጉልበቱ፥ ትከሻው፥ መሬት ላይ የሚወድቀው ጥላው ጭምር መለወጥ እንዳለበት አላሰብንም። ይህ ጉድለት የእኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍነው ነበር፤ በየግድግዳው ከተሰቀሉት የገጠር ሥዕሎች መካከል ልብሱ የአገራችን፥ አካሉ የሌላ አገር የሆነ ሰው ጥቂት አይደለም።

ይሁን እንጂ ጥፋቱን በመገልበጥ ላይ መጣል አይገባም። በሮማ በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለችው የእመቤታችን ሥዕል ግልባጭ በኢየሱሳውያን እጅ ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ሠዓልያኖቻችን ደጋግመው ሥለዋታል። የእጆቿ አነባበር የሮማይቱን ይከተላል፤ ዓይኗና የልብሷ መስመር ግን የእኛ ነው፤ በሮማው ሥዕል የሌሉት ሚካኤልና ገብርኤልም በግራና በቀኝ ቆመዋል። ሠዓሊው የሚለውጠውን ነገር ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀው ነበር።

ቪንሰንት ቫን ጎግም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1889 እና በ1890 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በሳን ሬሚ ታምሞ በተቀመጠበት ጊዜ የዣን ፍራንሷ ሚዬን አጫጆች፥ ነዶ አሳሪዎችና ወቂዎች ገልብጧል። በእጁ የነበሩት ሕትመቶች ቀለም አልባ ስለ ነበሩ ሰማያዊውንና ቢጫውን ከራሱ ማውጣት ነበረበት። ሚዬ ራሱ የገበሬ ልጅ ነው። በ1857 የሣላቸውን ሦስት ቃራሚ ሴቶች፥ ሁለቱ እስከ ምድር ጎንብሰው ሦስተኛዋ በከፊል አጎንብሳ፥ ሽማግሌው ቢያዩ ኖሮ ምን እንደሚሠሩ ባልጠየቁ ነበር፤ ቃርሚያን ያውቁታልና።

ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ዛሬ በስማቸው ይጠራል። የየጁቤ ልጅ ግን ወደዚያ እስኪደርስ ድረስ መምህሩ ብዙ ጊዜ የታተመ ወረቀት ነው። በደጁ ግን በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳውም አውድማውም አለ፤ ለማየትም ክፍያ የለውም። (የቀለም ዋጋ ሌላ ነገር ነው።)

በታኅሣሥ ግልባጫችንን ይዘን ወደ እርሻው ወረድንና ያንኑ አንዱን አጫጅ ብቻ እንደ ገና ነደፍነው። ጎንበስ ሲል፥ ብዙ የደከምንበት ፊቱ ጠፋ፤ የቀረው ሰፊ ጀርባና ከጭብጡ ሥር ግማሹ የተሸፈነ ማጭድ ነበር። ሽማግሌው አዩትና፥ «አሁንስ ያጭዳል፤ ግን ብቻውን ነው፤ ወንፈሉ የት ሄደ?» አሉን። ለሦስተኛው ሥዕል ሰፋ ያለ ወረቀት ገዝተናል።