ስለ ጂፒኤስ መሣሪያ አመራረጥ አጭር ሒስ

ከመኪና መንገድ ወጥቶ ወደ በረሃና ወደ ተራራ የሚሄድ ሰው ቦታውን የሚያሳየው የጂፒኤስ መሣሪያ እንዲይዝ ይመከራል፤ ምክሩም መልካም ነው። ነገር ግን ጓደኞቻችን በምርጫው ሲከራከሩ የምንሰማው «አጥርቶ የሚያሳየው የትኛው ነው?» የሚለውን ጥያቄ ብቻ ነው። ይህ ሚዛን የማይበቃ መሆኑን በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን።

አስቀድመን የመሣሪያውን ጠባይ እንመልከት። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይዞራሉ፤ መሣሪያው ቢያንስ የአራቱን ምልክት ተቀብሎ ያለበትን ቦታ ያሰላል፤ ለዚህም የስልክ ኔትዎርክ አያስፈልገውም። ለሕዝብ የሚላከው ምልክት እስከ 2000 እ.ኤ.አ. ድረስ ሆን ተብሎ ይዛባ ነበር፤ ዛሬ ግን ተራ ስልክ እንኳ በጠራ ሰማይ ሥር የሚሳሳተው 5 ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ ውዱና ርካሹ በዚህ በኩል የሚለያዩት በጥቂት ሜትር ከሆነ፣ ዋናውን ልዩነት ሌላ ቦታ መፈለግ ይገባናል።

የመጀመሪያው ካርታው ነው። ኦስማንድና ኦርጋኒክ ማፕስ የሚባሉት የስልክ ፕሮግራሞች ካርታው አስቀድሞ ከተጫነ ያለ ኔትዎርክ ይሠራሉ። ሁለቱም ካርታቸውን የሚወስዱት በጎ ፈቃደኞች ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሚሠሩት ከኦፕንስትሪትማፕ ነው። ስለዚህ አንዱ የጎደለውን መንገድ ከሌላው መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

ሁለተኛው ኃይል ነው። የስልክ ባትሪ በደጋ ብርድ ቶሎ ይደክማል። ከጋርሚን ኢትሬክስ ዓይነቶች ብዙዎቹ ግን የሚሠሩት በሁለት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ ነው፤ ሲያልቅም ሌላ መተካት ይቻላል።

ሦስተኛው፣ ለእኛም ከሁሉ የሚበልጠው፣ ዳተም የሚባለው የመለኪያ መነሻ ነው። የአገራችን 1፡50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በተባለው መነሻ ሲሆን፣ ጂፒኤስ የሚያሰላው ደብልዩ ጂ ኤስ 84 በተባለው ነው። ይህን ሳያስተካክል የስልኩን ቁጥር በወረቀቱ ካርታ ላይ የሚያሰፍር ተማሪ ከ100 ሜትር በላይ ይስታል፤ ምንጩን ከገደሉ ማዶ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ፍርስራሽ ከወንዙ ወዲያ ያደርገዋል። ስለ 5 ሜትር የሚከራከር ሰው 100 ሜትር ማጣቱን ባያውቅ፣ ክርክሩ ምን ረባው? የጋርሚን የእጅ መሣሪያዎች አዲንዳንን ከዝርዝራቸው ያስመርጣሉ፤ ብዙዎቹ የስልክ ፕሮግራሞች ግን ይህን አይፈቅዱም።

ይሁን እንጂ በካርታ ላይ የተሣለ መንገድ ሁሉ ያስኬዳል ማለት አይደለም። በ2009 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር፣ የሞት ሸለቆ በሚባለው በረሃ፣ አንዲት እናት መሣሪያው የመራትን መንገድ ተከትላ መኪናዋ በአሸዋ ተይዞ ቀርቷል፤ ልጇም ሞተ። የፓርኩ ጠባቂዎች እንዲህ ያለውን አደጋ «በጂፒኤስ መሞት» ብለው ሰይመውታል። መሣሪያው ቦታውን አልሳተም ይሆናል፤ መንገዱ ግን የሰው መንገድ አልነበረም። ድልድዩ መፍረሱን፣ ወንዙ በክረምት አለማሻገሩን የሚያውቀው የአገሩ ሰው ነው።

ስለዚህ ፍርዳችን የሚከተለው ነው። ለአንድ ቀን ጉዞ ካርታ የተጫነበት ስልክና ትርፍ ባትሪ ይበቃል። ብዙ ቀን ለሚቆይና የቦታ ቁጥር ለጥናት ለሚመዘግብ ግን ባትሪው የሚተካና ዳተም የሚያስመርጥ የእጅ መሣሪያ ይሻላል። ዋጋው ለተማሪ ከባድ መሆኑ አይካድም፤ የትምህርት ክፍሎች ጥቂቱን ገዝተው ቢያውሱ ግን ችግሩ ይቃለላል። ማንኛውም ተማሪ የትኛውንም ቢይዝ፣ የወረቀት ካርታና ኮምፓስ ከቦርሳው፣ የአገሩ መንገድ መሪም ከአጠገቡ አይለዩ። ከሁሉ በፊት ግን አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንዳሉት፣ የመሣሪያውን ሥራ ከጉዞው በፊት ሊማር ይገባዋል።